የጄኔራሉ ሃምሳ ግራም

እትዬ ፏ ሲሪንጅ አጣቢ ናት። ሥራዋን ለጠየቃት ሰው ግን እንዲህ በደረቁ አትመልስም። «ሕፃናት አሳድጋለሁ» ነው የምትለው። ጠያቂው ስንት ልጆች እንዳሏት ሲጨምርባት «ዛሬ አሥራ ሰባት፣ ነገ እንጃ» ትልና ግራ አጋብታው መንገዷን ትቀጥላለች። በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚተኙበት ሙቀት ክፍል አጠገብ፣ የወተት ክፍል የሚባል ባለ አንድ መስኮት ጠባብ ክፍል አለ። ሁለት ገንዳ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ መቀቀያ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት፤ ይኸው ነው። እናቶች ያለቡት ወተት የየሕፃኑ ቁጥር ተጽፎበት ወደዚህ ይመጣል፣ ነርሶቹ እዚህ ይለኩታል። ሕፃኑ የበላበት መርፌ የሌለው ሲሪንጅም ታጥቦና ተቀቅሎ ለሚቀጥለው እንዲደርስ ወደ እትዬ ፏ ገንዳ ይመለሳል።

ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው። አንድ ሲሪንጅ አጥባ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች፤ ፏ ካላለ እንደገና ወደ ገንዳው። አዲስ የመጣች ነርስ «እትዬ፣ አሁንስ ይበቃል» ብላ የተሳሳተች እንደሆነ ወዮላት። ለአንቺ ሆድ ይበቃ ይሆናል፣ ከጣቴ ለማይወፍር አንጀት ግን አይበቃም የሚለውን ስብከት ቆማ መስማት ግዴታዋ ነው። እትዬ ፏ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የአንድ ሆቴል መጥበሻ ስታጥብ ኖራለች። ከዋናው ምግብ አብሳይ ጋር ባረረ መጥበሻ የተነሳ ተጣልታ፣ ሽርጧን ጠረጴዛው ላይ ወርውራለት ወጣች፤ አንድም ቀን አልጸጸታትም። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ይህንንም ማንም ከንፈሩን እየመጠጠ እንዲያወራላት አትፈልግም።

እንግዲህ ያን ሰሞን ከአሥራ ሰባቱ መካከል አንጀቷን የበላው አንዱ ነበር። በሰባተኛ ወሩ፣ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ግራም ሆኖ የተወለደ ወንድ ልጅ። ቀኝ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ስለሚተኛ ነርሶቹ ጄኔራሉ አሉት። ሰላምታ ሲሰጥ የሚውለው ተራ ወታደር ነው ብላ እትዬ ፏ ተከራክራ ነበር። ጠጋ ብላ ያንን የተኮሳተረ ግንባር ስታየው ግን ማዕረጉ እንደሚገባው አመነች።

ጄኔራሉ በአፉ አይበላም። ያለ ጊዜው የመጣ ሕፃን መጥባቱን፣ መዋጡንና መተንፈሱን አንድ ላይ ማስኬድ አይሆንለትም። ስለዚህ በአፍንጫው በኩል ሆዱ ድረስ የገባ ቀጭን ቱቦ አለው። መጀመሪያ ወተቱን ባንዴ ሲሰጡት ሆዱ አልችል አለ፤ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል። ከዚያ ሲሪንጁን ፓምፕ ላይ አስረው፣ ወተቱ ጠብ ጠብ እያለ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲገባለት አደረጉ። ይሄ ተስማማው። ሆዱ ለሰለሰ፣ ማስመለሱ ቆመ፣ ሠራተኛው ሁሉ እፎይ አለ። እፎይታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። ሺህ አንድ መቶ አርባ ግራም ላይ ሲደርስ ክብደቱ ቀጥ አለ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት፣ ዘጠኝ ቀን።

ለዚህ መላው የታወቀ ነው። የእናት ወተት ላይ የሚጨመር፣ ፕሮቲንና ማዕድን ያለበት ማጠናከሪያ ዱቄት አለ፤ ጨመሩለት። ንቅንቅ አላለም። ዱቄቱን ከፍ አደረጉለት፤ ያኔ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረና ግማሽ ቀን ምግብ ተከለከለ። ወደ ቀድሞው መጠን መለሱትና ደግሞ የቫይታሚን ጠብታ አከሉበት። ጄኔራሉ እጁን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ሁሉንም ተቀበለ፤ ግራም የሚባል ነገር ግን ወይ ፍንክች።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት፣ ልጁ የመጀመሪያዋ ነው። በየሦስት ሰዓቱ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው የእናቶች ክፍል ተቀምጣ በእጅ ማለቢያ ታልባለች። ከዚያ ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ፣ አንድ ጠብታ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች ወደ ወተት ክፍሉ ታመጣዋለች። እትዬ ፏ ከሩቅ ስታያት በሩን ትከፍትላታለች፤ ልብስ ሰፊዋም ዛሬስ ጨመረ ወይ ብላ በዓይኗ ትጠይቃታለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ መልሱ አንድ ነበር። እትዬ ፏ ደግሞ መዋሸት ስለማትችልበት ገንዳው ላይ አቀርቅራ ታጥባለች።

ሰኞ ጠዋት ትልቁ ዶክተር ለጉብኝት መጡ። ዶክተሩ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከሰቀሉ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ሰቀሉት። የእናትየው ወተት ስስ ሳይሆን አይቀርም፣ ከነገ ጀምሮ የጣሳ ወተት እየቀላቀልን ቀስ በቀስ እንተካው አሉ። ደስ ብሏቸው እንዳይመስላችሁ። የጣሳው ወተት እንዲህ ላለ ለጋ አንጀት እንደሚከብድ፣ አንዳንዱን ሕፃን ክፉኛ እንደሚያሳምም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ግን ልጁ ሳያድግ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ይህን ሲናገሩ እናትየው ከማሞቂያ ሳጥኑ ማዶ ቆማ ነበር፤ ከተባለው ሁሉ በጆሮዋ የቀረው «ስስ» የሚለው ብቻ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠርሙሷን ይዛ ወተት ክፍል መጣች። እንደ ወትሮው አላቀፈችውም፤ በአንገቱ አንጠልጥላዋለች።

«ይድፉት እትዬ» አለቻት። «ውሃ ነው እኮ።»

ከእንግዲህም እንደማታልብ፣ ማለቢያውን ለሌላ እናት እንዲሰጡት ነግራት ወጣች። እትዬ ፏ ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ያልታለበ ጡት በቀናት ውስጥ ይነጥፋል፤ አንዴ ከነጠፈ ደግሞ መመለሱ መከራ ነው። ጠርሙሱን አልደፋችውም። ከነክዳኑ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችውና ሰው በሌለበት ጣሳውንም፣ ሚዛኑንም፣ ዶክተሩንም አንድ ላይ ረገመቻቸው።

ገና እርግማኗን ሳትጨርስ ዋናዋ ሲስተር ገባች። ሲስተሯ ሙቀት ክፍሉን እንደ ገዛ ቤቷ የምታስተዳድር፣ ጋዋኗ ላይ አንዲት ሽብሽብ እንኳ የማይታይባት ሴት ናት። የጄኔራሉን ሲሪንጅ ከፍ አድርጋ ያዘችና እትዬ ፏን እንዲህ አለቻት፦

«ይሄ ቅባት አለው። በደንብ አላጠብሽውም።»

እስቲ አስቡት፣ ለእትዬ ፏ! ደሟ እግር ጥፍሯ ድረስ ፈላ። ሲሪንጁን ተቀብላ ሲስተሯ እያየች ሦስት ጊዜ አጠበችው፣ ወደ መስኮቱ አነሳችው፣ ፏ አለ። ሲስተሯ ረካችና ሄደች። እትዬ ፏ ግን አልረካችም። የሚቀጥለው ምግብ አልቆ ያው ሲሪንጅ ሲመለስላት ጓንቷን አውልቃ በባዶ ጣቷ ውስጡን ዳሰሰችው። ሙልጭልጭ ይላል። የሌሎቹን ሕፃናት፣ በእጅ ተገፍቶ የሚሰጣቸውን ሲሪንጅ አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ በአንድ ውሃ የሚለቁ ናቸው። ፓምፕ ላይ የሚውለው ብቻ ነው ሳሙና እምቢ የሚለው። አሥራ አራት ዓመት ከመጥበሻ ጋር የታገለ እጅ በቅባት አይታለልም።

እዚያው ገንዳው ፊት ደርቃ ቀረች። ይሄ ወተት ውሃ ከሆነ፣ ይሄ ሁሉ ቅባት ከየት መጣ?

 በሩን ገፍታ በመስተዋቱ በኩል የጄኔራሉን ፓምፕ አየችው። ሲሪንጁ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ቆሟል፤ ከአፉ የሚነሳው ረጅም ቱቦ ወደ ልጁ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት የቆመ ወተት ምን ይሆናል? ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፣ ወተት ያስቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣል። መውጫው ግን ታች ነው። ስስ ስሱ ቀድሞ ለልጁ ይገባል፣ ቅባቱ መጨረሻ ይመጣል። መጨረሻ የመጣው ደግሞ ሲሪንጁ ግድግዳና ቱቦው ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል፤ ከዚያ ቱቦው ይጣላል፣ ሲሪንጁም ወደ እሷ ይመጣል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የልጁን ሥጋ በሳሙና ስታጥብ ኖራለች ማለት ነው።

ይህን ስታስብ አንዴ ሳቋ መጣ፣ አንዴ እንባዋ መጣ። ግን አፏን ሞልታ ተናግራ ብትሳሳትስ? ፓምፑን የምትገጥመው ዋናዋ ሲስተር ናት። ቅባት አላጠብሽም የተባለች ሴት ሄዳ ጥፋቱ የፓምፑ ነው ብትል፣ ጥፋቷን በሰው ልታላክክ ነው ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ሰዓቱ ስላለፈ ሊደፋ የተቀመጠ የትናንት ወተት ፍሪጁ ውስጥ ነበር፣ የዚያችው እናት። ሁለት ሲሪንጅ እኩል ሞላች፤ አንዱን አፉን ወደ ላይ፣ ሌላውን አፉን ወደ ታች አድርጋ አቆመቻቸው። ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነበረባት። ያን ያህል የረዘመ ሁለት ሰዓት በሕይወቷ አይታ አታውቅም! ጠርሙስ ታጥባለች፣ ሰዓቱን ታያለች፤ ክዳን ትቀቅላለች፣ ሰዓቱን ታያለች። አንዲት ነርስ ዛሬ ቀጠሮ አለብሽ እንዴ ብላ ቀለደችባት።

ሰዓቱ ሲደርስ ሁለቱም ላይ ቱቦ ሰካች፣ ቀስ አድርጋ ገፋች፣ እያንዳንዱን በየብርጭቆው ተቀበለች። አፉ ወደ ታች ከነበረው የወጣው ወተት ሰማያዊ የሚመስል ስስ ነገር ነው፤ ሲሪንጁና ቱቦው ውስጥ የቀረው ግን ቢጫ፣ ወፍራም፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ቅባት። አፉ ወደ ላይ ከነበረው የወጣው ደግሞ ድፍን ያለ፣ የጠገበ ወተት ነው፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ስሱ ነው። እትዬ ፏ ብርጭቆዎቹን ከነሲሪንጃቸው ሳህን ላይ ደረደረችና ጨርቄን ማቄን ሳትል በረረች።

ዶክተሩ ቢሯቸው ተቀምጠው ዳቦ እየበሉ ነበር። በር አላንኳኳችም። ሳህኑን ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ዶክተር፣ የልጅቷ ወተት ውሃ አይደለም» አለቻቸው። «ቅባቱ ልጁ ጋ ሳይደርስ እኔ ጋ እየመጣ ነው።»

ዶክተሩ ዳቦውን አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። አንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አነሱ፣ ሌላውን አነሱ፤ ሲሪንጁ ውስጥ ጣታቸውን ሰደው አሻሹት። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንደገና አነሱ። ምርመራው ሲረዝም እትዬ ፏ ልትባረር እንደሆነ ጠረጠረች፤ የት ልትቀጠር እንደምትችልም በሐሳቧ መፈለግ ጀመረች። በመጨረሻ ዋናዋን ሲስተር አስጠሩ። ሲስተሯ ሲሪንጁ አፉን ወደ ታች የሚደረገው አየር ወደ ሕፃኑ እንዳይሄድ ነው፣ መድኃኒት ስንሰጥ እንዲህ ነው የምንገጥመው፣ እንዲህም ነው የተማርነው ስትል አስረዳች። በደም ሥር ለሚሰጥ መድኃኒት ልክ ናት። መድኃኒት ደግሞ ቅባት አያወጣም። ይህ ሲገባት ሲስተሯ እጇን በአፏ ጫነች። እትዬ ፏ አሁን ጉድ ፈላ ብላ ስትጠብቅ፣ ሲስተሯ ሳህኑ ላይ ያሉትን ሲሪንጆች አየት አድርጋ አንገቷን ሰበረችና ቅድም ስለተናገረቻት ይቅርታ ጠየቀቻት። ኩሩ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ያስደነግጣል።

ዶክተሩ ትዕዛዛቸውን ጻፉ። ሲሪንጁ አፉን ወደ ላይ፣ ፓምፑ ከልጁ ዝቅ ብሎ፤ ቱቦው አጭር፤ ሁለት ሰዓቱ ወደ አንድ ሰዓት። የቫይታሚን ጠብታውም ቅባት ስለሆነ ወተቱ ላይ አይደባለቅ፣ በቱቦው አፍ ለብቻው ይሰጠው። ዱቄቱ እንዳለ ይሁን። ለጣሳው ወተት ሦስት ቀን እታገሳለሁ አሉ፤ በሦስት ቀን ሃምሳ ግራም ካልጨመረ ግን እንጀምራለን። ሲስተሯ ወረቀቱ ሳይደርቅ ፓምፑን ልትገለብጥ ሮጠች።

የቀረችው እናትየው ናት። እትዬ ፏ የእናቶች ክፍል ገብታ አጠገቧ ቁጭ አለችና የልጅቷን ጣት ይዛ ቅባታሙ ሲሪንጅ ውስጥ ከተተችው። ይሄ ቅባት ያንቺ ነው፣ ከአንቺ ጡት የወጣ ነው፣ መንገድ ላይ ነው የቀረው ብላ የዶክተሩን ሦስት ቀንና ሃምሳ ግራም ነገረቻት። ልጅቷ ጣቷን አሸት አሸት አደረገችና ረጅም ጊዜ አየችው። አላመነችም። ዘጠኝ ቀን የተሰበረ ልብ በአንድ ጣት አይጠገንም። ግን እርስዎን ላለማስቀየም ሦስት ቀን አልባለሁ አለች። ለእትዬ ፏ ይሄ በቂ ነበር፤ የምትታለብ ላም እንኳ እንዲህ አትለመንም ብላ አስቃት ወጣች።

በመጀመሪያው ጠዋት ጄኔራሉ አሥር ግራም ጨመረ። ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ነርሶቹ ተቃቀፉ። ሁለተኛው ጠዋት ሚዛኑ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ልክ ሲስተሯ ዳይፐሩን ስትፈታ፣ ጄኔራሉ ፊቱን አቀላና አንድ ሙሉ ዳይፐር ቢጫ ለስላሳ ነገር አስረከበ። እንዲህ ያለ ካካ ሲወጣ አንጀቱ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ክፍል ሰው ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። ግን ከሆዱ የወጣው ከሚዛኑም ወጣ፤ ቁጥሩ የትናንቱ ነው፣ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ። ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት ብላ እትዬ ፏ በመስተዋቱ በኩል ተቆጣችው። ባሏ ማታ ገና ከበር ሲገባ ጄኔራሉስ ብሎ ጠየቃት፤ እሱም ለካ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ሆኖ ግራም ሲደምር ነው የዋለው።

ሦስተኛው ጠዋት መጣ። አርባ ግራም ይቀራል። እናትየው ሚዛኑ ጋ አልመጣችም፤ ከሌሊት ጀምሮም አላለበችም። የእናቶች ክፍል ውስጥ ባዶውን ማለቢያ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሃምሳ ካልሞላ መልሳ ልትሰጠው ነው። ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ዶክተሩ ቆመዋል፣ ሲስተሯ ቆማለች፣ እትዬ ፏም እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች ደፍ ላይ ቆማለች። ልጁን ራቁቱን ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። ቁጥሩ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ ይሮጣል፤ ጄኔራሉ ይወራጫል። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገና ረጋ። ሺህ አንድ መቶ ዘጠና አምስት። ሲስተሯ አላመነችም፤ አነሳችው፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። ዘጠና አምስት። ዶክተሩ የጣሳውን ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ሰረዙት፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

እትዬ ፏ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየችም። ኮሪደሩን በእርጥብ ጫማዋ እየተንሸራተተች፣ ግድግዳ እየደገፈች ሮጣ የእናቶች ክፍል በር ላይ ደረሰች። ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር።

«ሃምሳ አምስት» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ፈገግታም አላሳየች፣ እንባም አላወጣች። «ጣሳ ሳይገባበት?» አለች።

«ጠብታ ጣሳ የለበትም። ሁሉም ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

  ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ብድግ አለች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ማለቢያውን አነሳች።

«እትዬ፣ እዚህ ቆመው ምን ያደርጋሉ? ሰዓቱ አልፏል እኮ» አለች። «ቶሎ ጠርሙስ ያምጡልኝ፣ ልጄ ይራብብኛል።»

እትዬ ፏ ጠርሙሱን ልታመጣ ሮጠች።